ሩጫው ኬኩን ያወጣዋል? ስለ ስፖርት፣ ስለ ጣፋጭ እና ስለ ኪሎ

ህዳር ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ንጋት ላይ የሚሮጠው ሰው ይበዛል። ለታላቁ ሩጫ የተመዘገበ ሁሉ ዱብ ዱብ ማለት ይጀምራል። ጂሞችም ይሞላሉ። ሩጫው ሲያልቅ ደግሞ በላብ የራሰው ቡድን ተያይዞ ኬክ ቤት ይገባል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «ሮጫለሁ፣ ይገባኛል» ብሎ ሚልፎይ ያዛል። አጠገቡ ያለችው «አሁን ይሄን በልተህ የሮጥከው ሁሉ ገደል ገባ» ትለዋለች።

ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚያምኑት አንድ ነገር ነው። ሩጫ የበሉትን ማጥፊያ ነው ብለው ያስባሉ። ብዙ ሰው ስፖርት ጀምሮ በሁለተኛው ወር የሚያቆመውም በዚህ እምነት ምክንያት ነው። ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው አልቀነሰም፣ «ለኔ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ስፖርቱ እየሠራለት ነበር። ሥራው ሌላ ቦታ ስለሆነ አላየውም።

ካሎሪ የሚባለው ምንድን ነው?

ካሎሪ የኃይል መለኪያ ነው። ምግብ ውስጥ ያለውን ኃይልም፣ ሰውነት የሚያወጣውን ኃይልም የምንለካው በሱ ነው። አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት 4 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ፕሮቲን እንዲሁ 4 ነው። አንድ ግራም ቅባት ግን 9፣ አልኮል ደግሞ 7 ነው።

ቅባት ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ወደ 120 ካሎሪ አለው። ስለዚህ ቦንቦሊኖና ፓስቲን ከባድ የሚያደርጋቸው ስኳራቸው ብቻ አይደለም። የተጠበሱበትን ዘይት መጠጣታቸውም ጭምር ነው። ክሬም ኬክም እንደዚያው። አንድ መካከለኛ ቁራጭ ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ሊደርስ ይችላል። እንደ ቤቱና እንደ ቁራጩ ስፋት ይለያያል።

10 ኪሎ ሜትር ብሮጥ ስንት ካሎሪ ያወጣልኛል?

ለዚህ ቀላል ስሌት አለ። ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ፣ ወደ 1 ካሎሪ ያወጣል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ከሮጠ ወደ 650 ካሎሪ አወጣ ማለት ነው። ፍጥነቱ ውጤቱን ብዙም አይቀይረውም። ፈጣኑ ቶሎ ይጨርሳል፣ ቀርፋፋው ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ወጪያቸው ግን ተቀራራቢ ነው።

650 ካሎሪ በኬክ ቢቆጠር ሁለት ቁራጭ አይሞላም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሮጡት በአሥር ደቂቃ ይበላል። ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ቁጥር ነው።

ጂም ያለው ማሽን ወይም የእጅ ሰዓታችሁ ከዚህ የበለጠ ካሳየ ብዙ አትመኑት። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። አብዛኞቹ የልብ ምትን በደንብ ይለካሉ። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ተሳስቷል። የመጨረሻው 93 በመቶ ስቷል። በሰዓቱ ቁጥር ተማምኖ ሁለተኛ ኬክ ማዘዝ አያዋጣም።

እሺ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እየሮጥኩ ለምን ኪሎዬ አይቀንስም?

ሰውነትን እንደ አንድ ቤተሰብ የወር ወጪ አስቡት። ከወጪው ትልቁ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የአስቤዛ ነው። ማንም ባይንቀሳቀስም ይከፈላል። ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አንጎል ይሠራል፣ ሙቀት ይጠበቃል። 65 ኪሎ የሆነ አዋቂ ሰው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ወደ 1,500 ካሎሪ ያወጣል። ምግብ መፍጨቱ፣ መራመዱ፣ ጓዳ ሳሎን ማለቱ ሲጨመር ከ2,000 በላይ ይሆናል። በሳምንት ወደ 15,000 ገደማ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ወደ 1,950 ነው። ከጠቅላላው አንድ ስምንተኛ ገደማ። ትንሽ አይደለም፣ ግን ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ያንሳል።

አሁን ቤተሰቡ ድንገት ሠርግ መጣበት እንበል። ምን ያደርጋል? ሌላ ቦታ ይቆጥባል። ስጋው ይቀራል፣ ታክሲው በእግር ይተካል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አይወስነውም፣ እንዲሁ ይሆናል። ሰውነትም ሩጫ ሲመጣበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጠዋት የሮጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ይረጋል። ደረጃውን ትቶ ሊፍት ይጠብቃል። ውስጥ ያሉ ሥራዎችም ትንሽ ዝቅ ይላሉ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ኸርማን ፖንትዘር የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ታንዛኒያ የሚኖሩትን የሃድዛ ሕዝቦች አጥንተዋል። ሃድዛዎች አድነውና ፍራፍሬ ለቅመው የሚኖሩ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ፣ ይቆፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት ብዙ ሰው አስገርሟል። የሰውነት መጠን ልዩነት ሲስተካከል የቀን ጠቅላላ ወጪያቸው አሜሪካና አውሮፓ ቢሮ ውስጥ ከሚውል ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሰፊ ጥናቶች ነገሩን በቁጥር አስቀምጠውታል። በእንቅስቃሴ ካወጣነው ካሎሪ በአማካይ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ሰውነት ከሌላ ቦታ ቆጥቦ ያካክሰዋል።

ረሃብም አለ። አንዳንዱ ሮጦ ሲመጣ የምግብ ፍላጎቱ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋል። ማታ ላይ ግን ይመጣበታል። አንድ ጭልፋ ወጥ፣ ግማሽ እንጀራ ተጨማሪ፣ አንድ ስፕሪስ ከነስኳሩ። በቃ፣ በሩጫ የወጣው ካሎሪ ተመለሰ።

ስለዚህ ኪሎ መቀነስ የፈለገ ሰው ዋናውን ሥራ የሚሠራው ማዕድ ላይ ነው። ሩጫው ያግዘዋል። በተለይ የቀነሰው ኪሎ ተመልሶ እንዳይመጣ መከላከል ላይ ስፖርት ትልቅ ድርሻ አለው።

ታዲያ ኪሎ ካልቀነሰ መሮጡ ምን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ ነው መልሱ የሚያስደስተው። ልብ በየሳምንቱ እየጠነከረ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይጀምራል። ለዚህ ነው የሚሮጥ ሰው ቁጭ ሲል የልብ ምቱ ዝግ የሚለው። የደም ግፊት ይወርዳል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው፣ ለጤና ከሁሉ የከፋው ስብ ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ሊቀንስ ይችላል። ቀበቶው ሲላላ ሚዛኑ ግን እዚያው የሚቆመው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው። እንቅልፍ ይጥማል። ጭንቀት ይቀላል።

ስኳር ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ለጣፋጭ ወዳጆች ይመለከታል። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳርን ያለ ኢንሱሊን እገዛ መውሰድ ይችላል። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ከሩጫ ወይም ከጂም በኋላም ለሰዓታት፣ እስከ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ፣ ጡንቻዎች ለኢንሱሊን የበለጠ ይታዘዛሉ። ይህ ማለት ያው ኬክ በሚንቀሳቀስና በማይንቀሳቀስ ሰው ደም ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር አያደርግም። ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ወክ ማድረግ እንኳ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ ያለዝበዋል።

ብዙ መሮጥም አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ አዋቂዎችን በአማካይ ለ15 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። የሚሮጡት ከማይሮጡት ጋር ሲነጻጸሩ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው 30 በመቶ፣ በልብና በደም ስር ሕመም የመሞት ዕድላቸው 45 በመቶ ያነሰ ነበር። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ያውም በቀስታ የሚሮጡትም ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለው ጥናት ሩጫው ብቻውን አመጣው ብሎ አያረጋግጥም። የሚሮጥ ሰው ሌላም ጥሩ ልማድ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ልዩነቱ ችላ የሚባል አይደለም።

ብዙ ካላበኝ ብዙ ስብ ቀለጠ ማለት ነው?

አይደለም። ላብ ውሃና ጨው ነው። ሥራው ሰውነትን ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ወገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ወይም ከባድ ጃኬት ደርበው የሚሮጡ ሰዎች በየጠዋቱ ይታያሉ። ሲጨርሱ ሚዛን ላይ ቢወጡ ኪሎ ቀንሰው ሊያገኙት ይችላሉ። ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። መመለስም አለበት። ላስቲኩ የሚጨምረው ነገር ቢኖር በሙቀት የመታመም አደጋን ነው። እባካችሁ ይህን ልማድ የያዘ ዘመድ ካላችሁ ንገሩት።

ስቡ ታዲያ የት ይሄዳል? አብዛኛው በትንፋሽ ይወጣል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳየው፣ 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል። 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። በፍጥነት ስለተነፈስን ግን ስብ አይወጣም። መጀመሪያ ጡንቻው ኃይል መጠየቅ አለበት።

ቦርጭንም በዚሁ እናንሳው። ሲታፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ከጡንቻው በላይ ያለውን ስብ ግን ነጥሎ አያወጣም። ሰውነት ስብ ሲያስፈልገው ከመላው አካል በደም በኩል ያመጣዋል። ከየት ቀድሞ እንደሚወስድ የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። «በሁለት ሳምንት ቦርጭ ደህና ሰንብት» የሚል የጂም ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ከሮጥኩ ጂም ለምን ያስፈልገኛል?

ምክንያቱም ሩጫ የማይነካቸው ቦታዎች አሉ። እግርንና ልብን ይሠራል። ክንድ፣ ትከሻና ጀርባ ግን ብዙ አያገኙም። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ማንም አይታወቀውም። የሚታወቀው አንድ ቀን የጤፍ ከረጢት ማንሳት ሲያቅት፣ ወይም ከበርጩማ ሲነሱ ጉልበት መያዝ ሲጀመር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ሁለቱንም ነው። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ። በዚያ ላይ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ ስፖርት ቢያንስ ሁለት ቀን። መካከለኛ ማለት እያወሩ የሚሠሩት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ነው። ጠንካራ ማለት ጥቂት ቃላት ተናግሮ ትንፋሽ ለመውሰድ የሚያስቆም ነው።

በቡድን የሚሠሩ የጂም ክፍለ ጊዜዎች፣ ኤሮቢክስም ይሁን ዙምባ፣ ስፒኒንግም ይሁን ክብደት የሚነሳበት፣ ይህን ለማሟላት ይመቻሉ። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ስፒኒንግና ዙምባ በዋናነት የልብ ሥራ ናቸው። በሳምንት ሦስቴ እየሮጠ ሁለቴ ስፒኒንግ የሚገባ ሰው ብዙ ደክሟል፣ የጡንቻ ድርሻውን ግን ገና አላገኘም። ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ዱምቤል ያለበትን ክፍል መምረጥ አለበት።

ጡንቻ ስናወራ አንድ የተጋነነ ነገር አለ። «ጡንቻ ካበጀህ ተኝተህም ስብ ያቃጥልልሃል» ይባላል። አንድ ኪሎ ጡንቻ ያለ ሥራ በቀን የሚያወጣው 13 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ አይሞላም። የጡንቻ ዋጋው ሌላ ነው። ከደም ውስጥ ስኳርን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ትልቁ ጎተራ እሱ ነው። አጥንትን ያጠነክራል። ሽማግሌ ሲኮን ከመውደቅ ያድናል።

የቡድን ስፖርት ሌላም ጥቅም አለው። ቀጠሮ ነው። ጂም ገንዘብ የሌለው ሰው መስቀል አደባባይ ንጋት ላይ ቢሄድ ያንኑ ያገኛል። ደረጃው አለ፣ አብሮ የሚሠራ ሰው አለ፣ አይዞህ ባይ አለ። ብቻውን ቢሆን አልጋው ውስጥ የሚቀር ስንት ሰው ጓደኛው እንዳይጠብቀው ብሎ ይነሳል!

ጣፋጭ ለሯጭ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ?

አለ። ሰውነት ስኳርን በጡንቻና በጉበት ያከማቻል። ክምችቱ ግላይኮጅን ይባላል። በአዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ ወደ 400 ግራም፣ በጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም ይገኛል። ይህ ወደ 2,000 ካሎሪ ነው። ማራቶን የሚሮጡ ሰዎች 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ድንገት እግራቸው እንደ ድንጋይ የሚከብደው ክምችቱ ስለሚያልቅ ነው። ስብ ይቀራቸዋል፣ ግን ስብ በዝግታ ነው የሚነደው።

ስለዚህ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሮጥ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ቶሎ የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት ቢወስድ ይረዳዋል። ማር በውሃ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ ወይም ለሯጮች የሚሸጠው ጄል። 10 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ግን ይህ አያስፈልግም። ክምችቱ ይበቃዋል። ሰባት ኪሎ ሜትር ዱብ ዱብ ብሎ የኃይል መጠጥ መጠጣት ስኳር መጠጣት ብቻ ነው።

ከሩጫ በኋላ የሚበጀው እህልና ፕሮቲን አንድ ላይ ነው። እንቁላል በዳቦ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ወይም በሶ ከወተት ጋር። ኬኩ ያምራችኋል? ከዚህ በኋላ ብሉት። በባዶ ሆድ ሲሆን ሦስት ቁራጭም አይበቃም። ጠግቦ ለተቀመጠ ሰው አንዱ ይበቃዋል።

ስንት ያህል ጣፋጭ ነው የማይጎዳው?

የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ነው። ማርና የተጨመቀ ጁስ ይቆጠራሉ። ሙሉ ፍሬውን ሲበሉት ግን አይቆጠርም።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በቀን ሦስት ማኪያቶ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ከጨመራችሁ 24 ግራም ሆነ። ኬክ ቤት ገባን እንጂ ኬክ አልበላንም፣ 25ቱ ግራም ግን አለቀ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ብቻውን 30 ግራም ያህል አለው።

እኔ ይህን ሳይ የሚመስለኝ፣ ጠላታችን ኬኩ አይደለም። ኬኩን እናየዋለን፣ እናጣጥመዋለን፣ አብረን ቁጭ ብለን እንስቅበታለን። ሳናውቀው የሚገባው ስኳር ግን ምንም አይሰጠንም። መቀነስ ያለበት እሱ ነው። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። ያኔ የእሁዱ ሚልፎይ ቦታ ያገኛል።

ቢራም እንዲሁ ይቆጠራል። አንድ ጠርሙስ ወደ 150 ካሎሪ አለው። ከሩጫ በኋላ ከሆነ ቅድሚያ ውሃ ይጠጣ።

በበዓል ማግስት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ጨመረ። አለቀልኝ?

አላለቀም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ነው። ሁለት ኪሎ ስብ በአንድ ቀን ለመጨመር ከወትሮው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል። ዶሮ ወጡ ከነቅቤው፣ ድፎው፣ ጠጁ፣ ክትፎው ተደምሮም እዚያ አይደርስም። የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል። ግላይኮጅንም እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ጨርሶ የቆረጠ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነስኩ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው።

በሦስትና በአራት ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል። በማግስቱ ተነስቶ ለቅጣት 15 ኪሎ ሜትር መሮጥ አያስፈልግም። እንደ ወትሮው መብላት፣ እንደ ወትሮው መንቀሳቀስ ይበቃል።

ጾም ላይ መሮጥ ይቻላል? ጾምስ ያቀጥናል?

ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ታላቁ ሩጫም በህዳር ነው። ስለዚህ ጥያቄው በየዓመቱ ይነሳል። ጤነኛ ሰው ጾም ላይ መሮጥ ይችላል። ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላ፣ ከአተር በቂ ፕሮቲን ይገኛል፤ መጠኑን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው ከባዱን ሩጫ ወደ ማታ ቢያዞረው ይሻለዋል። ጠዋት ከሆነ ዝግ ያለ ሶምሶማ ይበቃዋል።

ጾም በራሱ ግን አያቀጥንም። የጾም ኬክ አለ። ሳምቡሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ፣ ቦንቦሊኖ ሁሉ የጾም ናቸው። ቅቤው በዘይት ከተተካ የካሎሪው ቁጥር ያው ነው።

ብዙ ሮጦ ትንሽ መብላትስ?

ይህ አደገኛ ነው፣ ብዙም አይወራም። ሰውነት ከሚያወጣው በጣም ያነሰ ለወራት ከተበላ አጥንት ይሳሳል፣ ጉዳት ይበዛል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሴቶች የወር አበባ ይዛባባቸዋል ወይም ይቆማል። «ስፖርት ስለምሠራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አንድ ኬክ በልታ ማታ ተደብቃ ለሰዓታት የምትሮጥ ልጅ ካለች ደግሞ ጉዳዩ ከኬክ አልፏል። ቁጣ ሳይሆን የሚያዳምጣት ሰው ያስፈልጋታል።

አሁን ልጀምር ብል?

ታላቁ ሩጫ በኃይሌ ገብረሥላሴ መሥራችነት ህዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የተመዘገበው። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ይሮጣል። አብዛኛው ለመጨረስ እንጂ ለማሸነፍ አይደለም የሚመጣው። ለዚያ የሁለት ሦስት ወር ዝግጅት ይበቃል። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያሉ በሳምንት ሦስት ቀን። ከዚያ ሩጫውን ቀስ በቀስ ማርዘም። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት መፍጠን ነው። ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለሩጫው የምትመጡ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ መሆኗን አስቡ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። የቤታችሁን ፍጥነት እዚህ አትጠብቁ። ከቻላችሁ ከሩጫው ጥቂት ቀናት ቀድማችሁ ግቡ። እንጦጦ ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለሚል የመጀመሪያው ቀን መሮጫ አይደለም።

ስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ፣ የልብ ችግር ያለባችሁ፣ ወይም ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሲሮጥ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከረሜላ ወይም ትንሽ ጠርሙስ ጁስ በኪሱ መያዝ አለበት። አብሮት የሚሮጠውም ሰው ይህን ማወቅ ይኖርበታል።